ባዶ የታዩት ማታዎች

ጥሩወርቅ ሞጆ ከተማ በተቀበረችበት ቀን ከድሮው መሥሪያ ቤታችን የመጣነው አምስት ሰዎች ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን የነበሩት አቶ ግርማ ከካህናቱ ጀርባ፣ ከዘመዶቿ ተርታ ቆመዋል። የኮምፒውተር ባለሙያው ናሆም ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ከባሕር ዛፍ ሥር ብቻውን ነው። ሾፌራችን ታደሰ ከመኪናው በር አልራቀም። የፓምፕ ኦፕሬተራችን ኦቦ ከድር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፤ ከገጠር በሁለት መኪና ነው የመጡት። እኔ ከሴቶቹ መጨረሻ ነበርኩ። አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ።

መሞቷን የሰማሁት በዚያው ጠዋት ነው። መታመሟንም አልሰማሁም ነበር። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከአዳማ ሞጆ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከሥራ ከወጣች ጀምሮ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኳትም። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲያቀና እኔ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ይኸኛውን ልጨርሰው።

ጥሩወርቅ መቀመጥ አትችልም ነበር። ስለ እሷ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ምሳ ዕቃውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ አንድ ትጎርስና ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ሌላ ትጎርሳለች። ጠዋት ከሞጆ ስትመጣም አዳማ መግቢያ ላይ ከሚኒባሱ ወርዳ ቀሪውን መንገድ በእግሯ ነበር የምትመጣው። «ተሳፋሪው ሲያንቀላፋ ሳይ ወርጄ መኪናውን ልገፋው ያምረኛል» ትል ነበር። የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች። ጠረጴዛዬ ላይ ክዳን ያለው እስክሪብቶ አልነበረም።

የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ከአዳማ ወጣ ብለው ላሉ የገጠር ቀበሌዎች የመጠጥ ውሃ የሚያድል ማኅበር ነበር። ቢሮው አዳማ፣ ከአንድ ቆርቆሮ መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። ቆርቆሮ ሲጫን እኛ ዘንድ መነጋገር አይቻልም። ስድስት ጉድጓድና ስድስት ፓምፕ ቤት ነበረን፤ በእያንዳንዱ አንድ ኦፕሬተር አለ። ኦፕሬተሩ ፓምፑን ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቆጣሪውን አንብቦ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የገባሁበት ሥራ ነው፤ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ከዚያ ረጂ ድርጅት መጣ። ኮምፒውተር ሰጠን፣ ሶፍትዌር ሰጠን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ስክሪን ሰጠን። ኦፕሬተሮቹ በየጠዋቱ የደብተራቸውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። እኔ ከፎቶው እያየሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ቅጽ አስገባለሁ። የእኛን ቀንና ሰዓት ወደ ፈረንጁ የሚለውጠው ራሱ ቅጹ ነው፤ ናሆም አስተካክሎታል። ስክሪኑ ደግሞ የገባውን ሁሉ በግራፍ ያሳያል። ጥሩወርቅ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆና የተቀጠረችው በዚያ ሰሞን ነው። ክፍሉ ማለት እሷና እኔ ነን።

ስክሪኑ የተመረቀ ዕለት ሁሉም ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ረጂዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ለስላሳና ኬክ ቀርቧል። ናሆም ቁልፉን ሲጫን የስድስቱ ጉድጓዶች ስም ወጣ፤ ከስሙ በታች ምንም የለም። ነጭ። ናሆም ኢንተርኔቱ ነው አለ። አጥፍቶ አበራው። እንደገና ነጭ ሆነ። ግንባሩ ላብ አወጣ። አቶ ግርማ ሲያስላቸው ሰማሁ።

ጥሩወርቅ ከኋላ ኬክ ይዛ ቆማ ነበር። ኬኩን እንደያዘች በእንግዶቹ መካከል አልፋ ስክሪኑ ሥር ሄደች።

«ናሆም፣ ከመቼ እስከ መቼ ነው የምናየው?»

«ምን?»

«ይሄ ነገር ከመቼ እስከ መቼ ያለውን ነው የሚያሳየው?»

ጣቷን ወደ ላይኛው ጥግ ዘረጋች። በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ያለፉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ይላል።

«ባለፉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ማን ቆጣሪ አነበበ? ሁላችንም እዚህ ኬክ ስንበላ ነው የቆየነው። ሰባት ቀን አድርገው።»

ናሆም ሰባት ቀን አደረገው። ስድስቱም ግራፎች ሞሉ። ረጂዎቹ አጨበጨቡ፤ ለምን እንዳጨበጨቡ ግን የገባቸው አይመስለኝም። ናሆም «ፊልተሩ ነው፣ ፊልተሩ ነው» እያለ እጁን በሱሪው ጠረገ።

ፊልተር ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ በማግስቱ ነው። ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና «ምን ይታይዎታል፣ እትዬ ስንዱ?» አለችኝ። ባጃጆች፣ ቆርቆሮ የሚጭኑ ሰዎች፣ አንዲት ሙዝ ሻጭ። «ባንኩስ?» አለች። ባንኩ ከዚህ አይታይም አልኳት። «አይታይም ማለት ግን ፈርሷል ማለት አይደለም። ፊልተር ይኸው ነው። ቁጥር ጠፋ ሲሉዎት መጀመሪያ መስኮቱ የት ላይ እንደተከፈተ ይዩ።» ይህንን ብላ ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ «ከመቼ እስከ መቼ?» የማትልበት ነገር አልነበረም። ታደሰ ሚስቴ ትጨቀጭቀኛለች ሲል «ከመቼ እስከ መቼ?» ትለዋለች። «ከሰርጋችን ጀምሮ» ይላል። «እስቲ ያለፉትን ሰባት ቀናት ብቻ ንገረኝ» ስትለው አስቦ አስቦ አንድ ቀን ብቻ ያገኛል። እኔም አንድ ጊዜ አምልጦኝ አዲስ አበባ ያለው ልጄ ደውሎልኝ አያውቅም አልኳት። ስለ ቤቴ አላወራም ነበር፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ስልኬን ተቀብላኝ ከፈተች። «የዛሬ ዘጠኝ ቀን ደውሏል። አራት ደቂቃ። ከዚያ በፊት ደግሞ በአምስተኛው ቀን። አያውቅም የሚባል ፊልተር የለም፣ እትዬ።» ስልኩን መለሰችልኝ። አኮረፍኳት። በማግስቱ ግን እኔው ደወልኩለት።

የኦቦ ከድር ነገር የመጣው ስክሪኑ ሥራ በጀመረ በአራተኛው ወር ነው።

በግራፉ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀን ሦስት ሰማያዊ ምሰሶ አለው፤ የጠዋት፣ የቀንና የማታ። የምሰሶው ቁመት ካለፈው ንባብ ወዲህ የወጣው ውሃ ነው። የአምስቱ ጉድጓዶች ሦስቱም ምሰሶ አላቸው። የኦቦ ከድር ግን የማታው ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ነው። አቶ ግርማ አንድ ጠዋት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ስክሪኑ ፊት ብዙ ቆሙ።

«ይህ ሰው ማታ ማታ ውሃውን ምን ያደርገዋል?» አሉ።

መልሱን ራሳቸው ነበራቸው። ማታ ማታ ቦቴ መኪና ወደዚያ ሲገባ ታይቷል ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። ቆጣሪውን ሳያስቆጥር ለቦቴ እየለቀቀ ነው አሉ። ኦቦ ከድር በዚያ ፓምፕ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ከነቤተሰባቸው የሚኖሩት በፓምፕ ቤቱ ግቢ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ግርማ ሰኞ ዕለት የስንብት ደብዳቤውን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ይፈርሙበታል። እኔም አዘጋጀሁ። ሥራዬ ነው።

ጥሩወርቅ ደብዳቤውን ከማተሚያው ላይ አንስታ አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አቶ ግርማ፣ እርስዎ ባዶውን ነው የሚያዩት። እስቲ የጠዋቱን ይዩት።»

«የጠዋቱ ምን ሆነ?»

«ረዘመ። ፓምፑ ሌሊት ያርፋል፤ ከጎሕ እስከ ሁለት ሰዓት ይህን ያህል ውሃ ሊስብ አይችልም። ቢፈልጉ እኔ ወርጄ በአፌ ልሳበው።»

ናሆም ሳቀ። አቶ ግርማ አልሳቁም። «ታዲያ ማታ የሰረቀውን ጠዋት እየመለሰ ነው ልበል?»

«ገና አላውቅም።»

ሁለት ቀን ሙሉ አላስቀመጠችንም። ፊልተሩን ሰባት ቀን ታደርገዋለች፣ ሦስት ቀን ታደርገዋለች፣ አንድ ቀን፣ አንድ ወር። በየመሃሉ ተነስታ ደረጃውን ወርዳ ትመጣለች። የወሩን የመጀመሪያ ንባብ ከወሩ መጨረሻ ላይ በእጇ ቀነሰችና ከሌሎቹ ጉድጓዶች ጋር አስተያየችው፤ አያንስም። «በወር ሲታይ የጎደለ ውሃ የለም፤ በቀን ሲታይ በየማታው ይጠፋል» አለች። «ስለዚህ የጠፋው ውሃው አይደለም።» ታዲያ ምንድን ነው የጠፋው አልኳት። «እሱን ባውቅ እቀመጥ ነበር።»

ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የዕለቱን ቁጥሮች አስገብቼ ጨርሻለሁ። መጥታ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ናሆም፣ ይሄ ፊልተር የሚያልቀው አሁን ላይ ነው አይደል?»

«አዎ። እስከ አሁን ነው ያደረግኩት።»

«እስከ ነገ ብናደርገውስ?»

«ነገ ምን አለ? ገና አልመጣም እኮ!»

«ከሌለ ባዶ ይሆናል። ምን እንጎዳለን?»

የመጨረሻውን ቀን ወደ ነገ አሻገረችው። የአምስቱ ጉድጓዶች ቀኝ ጥግ ባዶ ሆነ። በኦቦ ከድር ግራፍ ላይ ግን አንዲት ሰማያዊ ምሰሶ ነበረች። ናሆም ጠጋ ብሎ አነበባት። ዛሬ፣ ረቡዕ፣ ማታ አንድ ሰዓት። ሰዓቱ ገና የጠዋቱ አራት ነው።

«ኦቦ ከድር ነቢይ ናቸው እንዴ?» አለ ናሆም። «ማዘር፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው ወይስ ከሰማይ ነው የወረደው?»

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን ከፍቼ አሳየሁት። ገጹ ላይ የረቡዕ ቀን ተጽፏል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተጽፏል፣ ቁጥሩም አለ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

አቶ ግርማ ከቢሯቸው ወጥተው ይሰሙ ነበር። «በቃ» አሉ። «ገና ያልመሸ ማታ አንብቦ ልኮልናል። ቁጥሩን ከጭንቅላቱ እያወጣ ነው የሚጽፈው ማለት ነው። ወይዘሮ ስንዱ፣ ደብዳቤው ላይ ሐሰተኛ ቁጥር በመመዝገብ የሚል ይጨምሩበት።»

የጥሩወርቅ ፊት ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬውን ላወጣበት ብላ የዘረጋችው ነገር ይበልጥ አስገባቸው። እስክሪብቶውን ከአፏ አወጣች።

«ቁጥሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እኔው ሄጄ ልየው።»

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ሲጽፉ።»

«ነገ አሥር ሰዓት እፈርማለሁ።»

«የምሄደው ዛሬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ ስንዱ፣ ይዘጋጁ።»

ልናይ የምንሄደው የማታውን ንባብ ስለሆነ ከቢሮ የወጣነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከ መገንጠያው በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ ባጃጅ ያዝን። መንገዱ አሸዋ ነው። ባጃጁ ሲንገዳገድ ወርዳ ከጎኑ ትራመዳለች፣ ደልደል ሲል ዘላ ትገባለች። ሾፌሩ «እትዬ፣ ወይ ግቢ ወይ ቅሪ!» አላት። «አንተ ዝም ብለህ ንዳ፤ እኔ ቀድሜህ እደርሳለሁ» አለችው። ግራር አለ፣ አቧራ አለ፣ ከሩቅ የሐይቁ ውሃ ይብለጨለጫል። እኔ ሻርፔን አፌ ላይ ይዤ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ያሰብኩት ደብዳቤውን ነው፤ ሐሰተኛ የሚለውን ቃል ከመውጣቴ በፊት ጽፌዋለሁ።

ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ከቤቱ በር ላይ ሁለት የተጠቀለሉ ፍራሾችና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ወጥተዋል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። የኦቦ ከድር ሚስት ከሣጥኑ አጠገብ ቆማ አየችን፤ ሰላምታ አልሰጠችንም።

ኦቦ ከድር ግን እጃቸውን ዘረጉ። «አካም ጅርቱ? ግቡ፣ ግቡ። ልታባርሩኝ ነው ወይስ ልታዩኝ?»

«ልናይዎት ነው» አለች ጥሩወርቅ።

«እንግዲያስ እዩ። እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ አላየኝም።»

እርጎ ሰጡን። እኔ ጠጣሁ፤ እሷ ብርጭቆውን ይዛ ፓምፕ ቤቱን ዞረች። ስንት ጊዜ እንደዞረች አላውቅም። ቦቴ መኪና አልመጣም። አህዮች ጀሪካን ጭነው መጡ፣ ሴቶች ከቦኖው ቀድተው ሄዱ፣ ፓምፑ ይሠራል። ፀሐይ ስትገባ ኦቦ ከድር ታጥበው መግሪብ ሰገዱ። ከዚያ ባትሪያቸውንና ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቆጣሪው ሄዱ። አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ተከተልናቸው።

ቆጣሪውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። ጥሩወርቅም አጎንብሳ አየች፤ ልክ ነው፣ አንድም ነገር ከጭንቅላታቸው አላወጡም። ከዚያ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዲስ ገጽ ገለጡ። ከላይ የነገውን ቀን ጻፉ፤ ከሥሩ ማታ አንድ ሰዓት ብለው ቁጥሩን አኖሩ።

«ኦቦ ከድር፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለች ጥሩወርቅ።

«ረቡዕ ነበር። ፀሐይ ገባች፤ አሁን ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ነገ አይደል እንዴ?»

«ነገ የሐሙስ ቀኑ ነው። ይሄ ሌሊቱ ነው። ሌሊቱ ነው ቀድሞ የሚመጣው፣ ቀኑ ይከተላል።» ባትሪውን ወደ እኛ መለሱ፤ እንደ ልጅ ነገሩ ያልገባን መሰላቸው መሰለኝ። «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?»

ጥሩወርቅ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው» አለች። «እናቴ ቅዳሜ ማታ ሥራ ስንይዝ ለእሑድ አጥቢያ ምን ያሠራችኋል ብላ ትቆጣን ነበር። ለእሷም ከመሸ እሑድ ገብቷል።»

«ታዲያ ምን ይገርማል?»

«ምንም። ምንም አይገርምም፣ ኦቦ ከድር።»

በደብተር ሲሆን ይህ ነገር ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ገጽ ገጽን ይከተላል፣ ቁጥሩም እያደገ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ግን ቀንና ሰዓት ለየብቻ ይጠይቃል። የማክሰኞን ማታ የረቡዕ ማታ ብለን ስንሰጠው አንድ ቀን ሙሉ ወደ ፊት ይወስደዋል። ቀኑ እስኪደርስ ፊልተሩ አያሳየንም። ሲደርስ ደግሞ የማታው ቁጥር ከቀኑ ቁጥር ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድምና ኮምፒውተሩ ባዶ ይተወዋል። የቀረውን ውሃ በማግስቱ ጠዋት ላይ ይከምረዋል። ጠዋቱ የረዘመው ለዚህ ነው። ይህንን ሁሉ ለኦቦ ከድር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። «እና ሣጥኑን ላስገባ?» አሉ። «ያስገቡት» አለቻቸው።

በመመለሻችን ባጃጅ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆምን። እሷ ትንጎራደዳለች። መናገር እንዳለብኝ አወቅሁ።

«ጥሩዬ፣ እኔ አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«የኦቦ ከድርን ገጽ። በማታ ይጀምራል። የሌሎቹ በጠዋት ነው የሚጀምረው። አይቼ ቅጹ እንደሚለው አስገባሁት። አልጠየቅኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

መንጎራደዷን አቆመች፤ ከዚያ ቀጠለች። ባጃጁ መጣ። እስከ መገንጠያው አልወረደችም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ አቶ ግርማ ቢሮ ተሰበሰብን። ኦቦ ከድር ተጠርተው መጥተዋል። ጥሩወርቅ ደብተሩን ከፍታ አሳየች፣ ናሆም ቁጥሮቹን ወደየቀናቸው መልሶ ግራፉን ከፈተ። ማታዎቹ ሞልተዋል። ጠዋቶቹ አጥረዋል። አቶ ግርማ የስንብቱን ደብዳቤ ቀደዱት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀለል ብሏቸው ነበር። ሆኖም ሌላ ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ።

«አንድ ነገር ቀርቶናል» አሉ። «የአራት ወሩን ሪፖርት ለረጂው ልከነዋል። ስህተት ነበር ብዬ ስጽፍ ማን ተሳሳተ፣ ምንስ እርምጃ ተወሰደ ይሉኛል። አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማያያዝ አለብኝ። ኦቦ ከድር፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ፤ ቀላል ነገር ነው።»

ቀላል አልነበረም። ረጂው ከገባ ወዲህ ሁላችንም በዓመት ውል ነበርን፤ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰው ደግሞ ሰኔ ላይ ውሉ አይታደስለትም። ደንቡን አትሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

«ቤቱ አለ አይደል?» አሉ ኦቦ ከድር።

«እስከ ሰኔ አለ።»

«ከሰኔ በኋላስ?»

አቶ ግርማ ወረቀቱን አስተካከሉ። ኦቦ ከድር እስክሪብቶውን አነሱ። ጥሩወርቅ ከበሩ በኩል መጥታ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

«እሳቸው ቀኑን በትክክል ነው የጻፉት።»

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እባክዎ። አንድ ስም ያስፈልገኛል። ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ማን ነው?»

ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ዕድሜዬን አክብረው ነው በጥያቄ ያቀረቡት። ናሆም ስክሪኑን ማየት ጀመረ። ኦቦ ከድር እኔን አዩኝ፤ ከዚያ መሬት አዩ። ለጡረታ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቀርቶኛል። እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ከታች ቆርቆሮ እየተጫነ ነው፣ እስኪያበቃ ልጠብቅ አልኩ። አበቃ። አልተናገርኩም።

ጥሩወርቅ አላየችኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ወደ እኔ አላዞረችም።

«የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ማን ነው?» አለች።

«እርስዎ ነዎት።»

«እና ማንን ነው የምንፈልገው?»

እስክሪብቶውን ከኦቦ ከድር እጅ ወሰደች። ስማቸውን ሰረዘች፤ ከላዩ የራሷን ከነአባቷ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀኑን አሰፈረች። ወረቀቱን ወደ አቶ ግርማ ገፋችው።

«ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አሉ ኦቦ ከድር።

«ሚኒባስ ያመልጠኛል» አለች። ቦርሳዋን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስታ ወጣች።